ጥምር መንግሥት ውስጥ የገባ ትንሽ ፓርቲ ደጋፊውን የሚያጣው ለምንድን ነው?

ሰገነት

ሰላም ወገኖች። ሲከነክነኝ የቆየ ነገር ላንሳና እንወያይበት። ብቻውን አብላጫ ያገኘ ፓርቲ በሌለበት ምክር ቤት ሁለትም ሦስትም ሆነው ተጣምረው ይገዛሉ። ይህ በብዙ አገር የተለመደ ነው። እኔን የሚገርመኝ የሚቀጥለው ምርጫ ሲመጣ ቅጣቱ ለሁሉም እኩል አለመድረሱ ነው።

ብሪታንያን እዩ (ዓመታቱን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በ2010 ኮንሰርቫቲቮች 306 መቀመጫ አገኙ፤ ለአብላጫ ስላልበቃቸው 57 መቀመጫ ከነበራቸው ሊበራል ዴሞክራቶች ጋር ተጣመሩ። ዴቪድ ካሜሮን ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ኒክ ክሌግ ምክትል ሆኑ። አምስት ዓመት ሙሉ የበጀት ቅነሳውንም ግብሩንም አብረው ወሰኑ። በ2015 ሕዝብ ፊት ሲቀርቡ ግን ኮንሰርቫቲቮች ብቻቸውን አብላጫ አገኙ፣ ሊበራል ዴሞክራቶች ከ57 ወደ 8 ወረዱ። ድምፃቸው ከ23 ከመቶ ወደ 8 ከመቶ ገደማ አሽቆለቆለ። ይባስ ብሎ ካጧቸው መቀመጫዎች ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የወሰደው ያው አብሯቸው የገዛው ፓርቲ ነው።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ አይደል? መንግሥቱ አንድ፣ ካቢኔው አንድ፣ ፍርዱ ግን ሁለት። ለምን?

የማለዳ ወፍ

ፍርዱ ሁለት የሆነው መራጩ ሁለት ስለሆነ ነዋ! ኮንሰርቫቲቮችን የመረጠ ሰው የመንግሥት ወጪ እንዲቀነስ ፈልጎ መረጠ፤ ተቀነሰለት። የክሌግ መራጭ ግን አብዛኛው ያኔ ይገዛ የነበረው የሌበር ፓርቲ የሰለቸው፣ ኮንሰርቫቲቮችን ደግሞ ዓይናቸውን ማየት የማይፈልግ ሰው ነበር። ድምፁን ለክሌግ ሰጠ፣ ክሌግ ወስዶ ለካሜሮን ሰጠበት። እሱ የተሰማው እንደዚያ ነው።

የዩኒቨርሲቲ ክፍያውን ጉዳይ ደግሞ አትርሱ። ከምርጫው በፊት የፓርቲው እጩዎች፣ ክሌግን ጨምሮ፣ የትምህርት ክፍያ እንዲጨምር በሚጠይቅ በማንኛውም ሕግ ላይ ተቃውሞ ድምፅ እንሰጣለን የሚል ወረቀት ፈርመው፣ ወረቀቱን ደረታቸው ላይ ይዘው ፎቶ ተነሥተዋል። በታኅሣሥ 2010 ጣሪያው ከ3,290 ፓውንድ ወደ 9,000 ፓውንድ ከፍ እንዲል የቀረበው ሐሳብ ምክር ቤት ገባ። የፓርቲው 21 አባላት ቃላቸውን ጠብቀው ተቃወሙ፣ ሚኒስትሮቹ ደገፉ፣ ሌሎቹ ድምፅ ሳይሰጡ ቀሩ። ሦስት ቦታ ተከፈሉ ማለት ነው። የቀረው ፎቶው ነው፤ ፎቶ ደግሞ ማስተባበያ የለውም።

ክሌግ በመስከረም 2012 ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታውን ልብ ብላችሁ ስሙት፤ ቃሉን በማፍረሱ ሳይሆን ልንፈጽመው የማንችለውን ቃል በመግባታችን ነው ያለው። እኔ ተማሪ ብሆን የባሰ ነበር የምናደደው።

ሊቀ ቁጥር

ሰገነት፣ ከመጀመሪያው መቀመጫንና ድምፅን አትቀላቅልብን። በብሪታንያ በየወረዳው አንደኛ የወጣ ብቻ ነው የሚገባው። ስለዚህ 8 ከመቶ ድምፅ 8 መቀመጫ ሰጠ። ያው ፓርቲ በ2024 በ12 ከመቶ ድምፅ 72 መቀመጫ አግኝቷል፤ በ2010 ካገኘው ድምፅ ግማሽ ያህሉን ብቻ ይዞ የበለጠ መቀመጫ! የሕዝብ ድጋፍ ስንት ወረደ ከሆነ ጥያቄው፣ መታየት ያለበት የድምፁ ድርሻ ነው።

ጀርመን ላይ ደግሞ 5 ከመቶ የሚባል ገደል አለ፤ ያን ያላለፈ ፓርቲ በአብዛኛው ምክር ቤት አይገባም። ሊበራሉ ፓርቲ ኤፍዲፒ በ2009 14.6 ከመቶ አገኘ፤ በታሪኩ ትልቁ ውጤት። ከአንጌላ ሜርክል ጋር አራት ዓመት ገዝቶ በ2013 4.8 ከመቶ ላይ ወደቀ፣ ከ1949 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከምክር ቤቱ ወጣ። ከ5 ከመቶ ቢያልፍ ኖሮ ተጎዳ እንል ነበር፤ ለጥቂት ባለማለፉ ሞተ አልን።

ሌላም ጥርጣሬ አለኝ። ትንሽ ፓርቲ ለጥምረት የሚጋበዘው ብዙውን ጊዜ ጥሩ ምርጫ ካሳለፈ በኋላ ነው። ከጣሪያ የተነሣ ደግሞ ወደ ታች ብቻ ነው መሄጃው። የአየርላንድ ሌበር በ2011 37 መቀመጫ ይዞ ነው ከፋይን ጌል ጋር መንግሥት የገባው፤ እንዲህ ያለ ውጤት አግኝቶ አያውቅም ነበር። በ2016 7 ቀረው። የዚህ ውድቀት የተወሰነው ክፍል ጥምረት ባይኖርም ይመጣ ነበር ባይ ነኝ።

የማለዳ ወፍ

የጣሪያው ነገር ለኤፍዲፒ ይሠራ ይሆናል፣ ለክሌግ ግን አይሠራም። ሊበራል ዴሞክራቶች በ2005ም 22 ከመቶና 62 መቀመጫ ነበራቸው። ሃያ ምናምን ከመቶ ለእነሱ የቆየ ደረጃቸው ነበር፣ የአንድ ቀን ዕድል አይደለም።

የአየርላንዱን ሌበር ካነሣኸው አይቀር፣ በ2011 ዘመቻው ላይ ፋይን ጌል ብቻውን ቢገዛ ምን እንደሚጠብቃችሁ እዩ ብለው በጋዜጣ ማስታወቂያ አስወጥተው ነበር። ከዝርዝሩ ውስጥ የተጨማሪ እሴት ታክስ ጭማሪና የልጆች ድጎማ ቅነሳ ይገኙበታል። ከዚያ ከዚያው ከፋይን ጌል ጋር ተጣመሩ፤ ታክሱ በ2012 ከ21 ወደ 23 ከመቶ ወጣ፣ የልጆቹም ድጎማ ተቀነሰ። የራስህ ማስታወቂያ ሲመሰክርብህ ምን ትላለህ? አገሪቱ በዕዳ ተይዛ አበዳሪዎች በር ላይ ቆመው ነበር፤ ያ እውነት ነው። ግን መራጭ ሰበብ አይሰማም።

አባ ጠያቂ

ይቅርታ፣ አንድ የጀማሪ ጥያቄ። ይኼን ሁሉ እያወቁ ለምን ይገባሉ? ውጭ ሆነው መንግሥቱን በድምፅ እየደገፉ፣ ያልተስማማቸውን እየተቃወሙ መኖር አይችሉም?

ብርሃኔ ዘ

ይቻላል፣ የሞከሩትም አሉ። ፖርቱጋል ከ2015 ጀምሮ ይኼን ነበር ያደረገችው። ሶሻሊስቱ አንቶኒዮ ኮስታ አናሳ መንግሥት መሠረተ፤ የግራው ብሎክና ኮሚኒስቶቹ አንድም ሚኒስትር ሳይሾምላቸው በምክር ቤት ደገፉት። የተቀነሰው ደመወዝና ጡረታ ሲመለስ መራጩ ያመሰገነው ኮስታን ነው። በ2019 ሶሻሊስቶቹ አደጉ፣ ብሎኩ ትንሽ ቀነሰ፣ ኮሚኒስቶቹ በደንብ ቀነሱ።

እንግዲህ በቃን ብለው በጥቅምት 2021 በጀቱን አብረው ጣሉት፤ ምርጫ ተጠራ። በጥር 2022 ብሎኩ ከ19 መቀመጫ ወደ 5፣ የኮሚኒስቶቹ ጥምረት ከ12 ወደ 6 ወረደ። ኮስታ ብቻውን አብላጫ አገኘ። ሥልጣኑም ክብሩም ሳይኖራቸው የማፍረሱን ጥፋት ብቻ ተሸከሙ፤ ከሁለት ያጣ ሆኑ። ስለዚህ አባ፣ ውጭ መቆምም ከብርዱ አያድንም።

ለምን ይገባሉ ላልከው፣ ፓርቲ የተቋቋመው እኮ ነገር ለማስፈጸም ነው። ክሌግ ከግብር ነፃ የሚሆነው ገቢ 10,000 ፓውንድ ይድረስ ብሎ በ2010 ሲወዳደር ካሜሮን በቴሌቪዥን ክርክሩ ላይ ሐሳቡ ደስ ይለኛል፣ ግን አቅማችን አይፈቅድም ብሎት ነበር። በ2014 ደረሰ። ለሚሊዮኖች ግብር ቀነሰ ማለት ነው። በ2015 ምርጫ ግን ካሜሮን የራሱ ሥራ አድርጎ ሲያወራበት ከረመ።

ሰገነት

ይኼ የምስጋናው ነገር ነው እኔን የሚያስቆጨኝ። ጀርመን ውስጥም ያው ነው። አነስተኛ የሰዓት ደመወዝ በሕግ ይወሰን ብሎ የተሟገተው ከሜርክል ጋር የተጣመረው የሶሻል ዴሞክራቶቹ ፓርቲ ኤስፒዲ ነው፤ ሚኒስትሯም የእነሱ ነበረች። በ2015 ሥራ ላይ ሲውል የሜርክል መንግሥት ሕግ ተባለ።

ጥፋቱን ለመካፈል ሲሆን ግን ስማቸው ቶሎ ይገኛል። በ2005 ዘመቻ የሜርክል ወገን የተጨማሪ እሴት ታክስ በ2 ነጥብ ይጨመር አለ። ኤስፒዲ ፈጽሞ አይሆንም ብሎ የሜርክል ታክስ የሚል ስም አውጥቶለት ቀሰቀሰ። ተጣመሩና ስንት ጨመሩ? ሦስት! ከ16 ወደ 19። ዜሮ ሲደመር ሁለት ሦስት የሆነበት ድርድር እያሉ ጀርመኖች ያፌዙ ነበር። ኤስፒዲ በ2005 34.2 ከመቶ ነበረው፤ በ2009 23 ሆነ።

ድንቡሼ

ዜሮ + ሁለት = ሦስት 😂 ሊቀ ቁጥር ይኼን አስረዳን እስቲ።

ሐረግ

ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ገባው ፓርቲ ነው። እኔ ደግሞ ውጭ የቀረውን ልንገራችሁ፤ የአንድ ፓርቲን ታሪክ ብቻ ብትከተሉ ነገሩ ሁሉ ይገባችኋል። ኦስትሪያ፣ ቀኝ ጽንፈኛው ኤፍፒኦ።

ዮርግ ሃይደር መሪነቱን በ1986 ሲይዝ ፓርቲው በዚያው ዓመት 9.7 ከመቶ አገኘ። ከዚያ ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች፣ ሶሻል ዴሞክራቶቹና ወግ አጥባቂዎቹ፣ ተጣምረው አሥራ ሦስት ዓመት ገዙ። ሁለቱ ዋና ተፎካካሪዎች አንድ ጠረጴዛ ከተቀመጡ መንግሥቱ ያስከፋው ሰው የት ይሂድ? ወደ ሃይደር። በ1990 16.6፣ በ1994 22.5፣ በ1999 26.9 ከመቶ። በ1995 ትንሽ ከመቀነሱ በቀር በየምርጫው የተከፉትን ሲለቅም ነበር።

በየካቲት 2000 ወግ አጥባቂዎቹ አጋራቸውን ትተው ኤፍፒኦን ይዘው መንግሥት መሠረቱ። አውሮፓ ጮኸ፣ ማዕቀብም ነበር። ሃይደር ራሱ ካቢኔ ሳይገባ የፓርቲውን መሪነት ለሌላ አስረክቦ ከክፍለ ግዛቱ ሆኖ ያየው ነበር፣ ማየት ብቻ ሳይሆን ይነቅፍም ነበር። ሚኒስትሮቹ የግብር ቅነሳው ከጎርፉ አደጋ በኋላ ይዘግይ የሚለውን ሲቀበሉ በመስከረም 2002 የፓርቲው አንጋፋዎች ክኒተልፌልድ በምትባል ከተማ ተሰብስበው የራሳቸውን ሚኒስትሮች አዋከቡ። ምክትል መራሒተ መንግሥቷ ለቀቀች፣ ጥምረቱ ፈረሰ፣ ምርጫ ተጠራ። ውጤቱ? ኤፍፒኦ 10 ከመቶ። ወግ አጥባቂዎቹ ከ26.9 ወደ 42.3 ወጡ። ሁለቱ እኩል ድምፅ ይዘው ገብተው እንዲህ ተለያይተው ወጡ!

አላበቃም። ውጭ ተቀምጠው እንደገና አደጉ፤ በ2017 26 ከመቶ ይዘው ተጣመሩ። በ2019 የፓርቲው መሪ ለድጋፍ ሲል የመንግሥት ኮንትራት ቃል ሲገባ በስውር የተቀረጸበት የኢቢዛው ቪዲዮ ወጣ፣ መንግሥቱ ፈረሰ፣ 16 ከመቶ ላይ ወረዱ። እንደገና ውጭ፤ በ2024 29 ከመቶ ገደማ አግኝተው አንደኛ ወጡ።

እንደ እኔ ጥምር መንግሥት ድጋፍ አያጠፋም፣ ከቤት ወደ ደጅ ያዞራል። ጀርመንም ትልልቆቹ ከ2013 እስከ 2017 ተጣምረው ሲገዙ ምክር ቤቱ ውስጥ እንኳ ያልነበረው ቀኝ ጽንፈኛው ኤኤፍዲ 12.6 ከመቶ ይዞ ገባና የተቃዋሚዎች ቁጥር አንድ ሆነ።

ድንቡሼ

እህቴ ሐረግ፣ ታዲያ ጽንፈኛን ማጥፊያው ሥልጣን መስጠት ነው እያልሽ ነው?

ሐረግ

አላልኩም! 10 ከመቶ ላይ ሲወድቁ አልቆላቸዋል ያለ ብዙ ሰው ነበር፤ ዛሬ የት እንዳሉ እይ። ደግሞ አንድ ፓርቲ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴርን ለአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ከያዘ በኋላ በምርጫ ቢቀጣ፣ የተሾመው ሰውና የወጣው መመሪያ አብሮ አይጠፋም። ምርጫ ድምፅ ይመልሳል እንጂ ውሳኔ አይመልስም።

አወያይ

አንድ ምላሽ በስድብ ምክንያት ተነሥቷል። በሐሳቡ ላይ እንጂ በጸሐፊው ላይ አትዝመቱ።

ነገረኛው

ትንሹ ይጎዳል፣ ትልቁ ይጠቀማል የምትሉት ግን ሁልጊዜ አይደለም። ጣልያን በ2018 አምስት ኮከብ 32.7 ከመቶ፣ ሌጋ 17.4 ይዘው ተጣመሩ። አንድ ዓመት ሳይቆይ በግንቦት 2019 የአውሮፓ ምርጫ ላይ ሌጋ 34፣ አምስት ኮከብ 17። ቦታ ተቀያየሩ! የሌጋው መሪ ሳልቪኒ ምን አደረገ? የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኖ ወደብ ዘጋ፣ ስደተኛ የጫነ መርከብ በመጣ ቁጥር ካሜራ ፊት ቆመ። አምስት ኮከብ ደግሞ ድጎማና ጡረታ እያለ ከበጀት ጋር ሲታገል ከረመ። አንዱ ጉዳይ በየቀኑ ዜና ነው፣ ሌላው ዝርዝሩ ሳያልቅ ያንቀላፋል። ስለዚህ ከፓርቲው መጠን ይልቅ የያዘው ሚኒስቴር ይበልጣል ባይ ነኝ። ክሌግ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ የራሱ የሆነ ትልቅ መሥሪያ ቤት አልያዘም፤ የያዘው የምርጫ ሕግና የላይኛውን ምክር ቤት ማሻሻያ ነበር። የመጀመሪያው በ2011 ሕዝበ ውሳኔ 68 ከመቶ ተቃውሞት ወደቀ፣ ሁለተኛው በ2012 ተተወ። ታዲያ ምን ይዞ ይቅረብ?

ሊቀ ቁጥር

የጣልያኑን ታሪክ መሀል ላይ አቆምከው፣ ወንድም ነገረኛው። በነሐሴ 2019 ሳልቪኒ የሕዝብ አስተያየቱን አይቶ ምርጫ ይጠራልኛል ብሎ መንግሥቱን አፈረሰ። ምርጫ የለም፤ አምስት ኮከብ ከዴሞክራቲክ ፓርቲ ጋር ተጣምሮ እሱን ውጭ አስቀረው። በ2021 ማሪዮ ድራጊ የአንድነት መንግሥት ሲያቋቁም ሌጋ ተመልሶ ገባ። ከትልልቆቹ ፓርቲዎች አልገባም ብሎ የቀረው የጆርጂያ ሜሎኒ ፓርቲ ብቻ ነበር። በ2018 4.4 ከመቶ የነበረው ፓርቲ በ2022 26 ከመቶ አገኘ። ሌጋ? 9 እንኳ አልሞላም። የሐረግ ነጥብ ነው እንግዲህ፣ ደጅ የተቀመጠ ሁሉንም ለቀመ።

የሚኒስቴሩም ነገር ሁለት ስለት አለው። በጀርመን የ2021 ጥምረት ኤፍዲፒ የገንዘብ ሚኒስቴርን ያህል ነገር ይዞ ነበር። መሪው ክሪስቲያን ሊንድነር ብድር አልጨምርም እያለ ከአጋሮቹ ጋር ሲጣላ ከረመና በኅዳር 2024 የኤስፒዲው መራሔ መንግሥት ኦላፍ ሾልዝ አባረረው። በየካቲት 2025 ምርጫ ኤፍዲፒ 4.3 ከመቶ፣ እንደገና ውጭ። ኤስፒዲም 16.4 ላይ ወረደ፤ አረንጓዴዎቹም ቀነሱ፣ ከሦስቱ ቀለል ያለው ጉዳት የእነሱ ነው። እዚህ ላይ ትልቁም አልተረፈም።

ጉዞ ላይ

እስካሁን ሁሉም አውሮፓ ሆነ፤ ደቡብ አፍሪካን ላምጣ። በ1994 የሽግግር ሕገ መንግሥቱ 20 መቀመጫና ከዚያ በላይ ያገኘ ፓርቲ ካቢኔ የመግባት መብት ይሰጠው ስለነበር በአፓርታይድ ዘመን ይገዛ የነበረው የደ ክለርክ ናሽናል ፓርቲ 20 ከመቶ ድምፁን ይዞ ከማንዴላ ጋር መንግሥት ገባ። በ1996 አጋማሽ ደ ክለርክ እውነተኛ ተቃዋሚ እንሁን ብሎ ፓርቲውን ይዞ ወጣ። ቶሎ መውጣት ያድናል የሚል ካለ ይኼን ይይ፤ በ1999 7 ከመቶ ገደማ ቀረው። የተቃዋሚነቱን ቦታ በ1994 1.7 ከመቶ ብቻ የነበረው ዴሞክራቲክ ፓርቲ ቀድሞ ይዞት ነበር፤ ወደ 9.6 ወጣ። ሁለት ዓመት አብሮ ገዝቶ በሦስተኛው እቃወማለሁ ያለውን ማን ይመነው?

የዚያ የዴሞክራቲክ ፓርቲ ወራሽ፣ ዲኤ፣ አሁን ራሱ ያው ወንበር ላይ ተቀምጧል። በ2024 የማንዴላ ፓርቲ ኤኤንሲ 40 ከመቶ፣ ዲኤ 22 ከመቶ ገደማ አግኝተው ከሌሎች ትንንሾች ጋር ተጣመሩ። ዲኤ የመረጠው መንገድ ግን ከክሌግ የተለየ ነው። በ2025 የተጨማሪ እሴት ታክስ በግማሽ ነጥብ ይጨመር ሲባል ካቢኔ ውስጥ ተቀምጦ ምክር ቤት ውስጥ ተቃወመ፣ ፍርድ ቤትም ሄደ። በሚያዝያ ጭማሪው ተሰረዘ። ሁሉም እኔ ነኝ ያሰረዝኩት አለ። ኤኤንሲ ውስጥ ደግሞ በጀት የተቃወመ ምን ሊሠራ መንግሥት ውስጥ ይቀመጣል የሚሉ ተነሡ።

አባ ጠያቂ

እሱ ግን የኤፍዲፒን መንገድ አይመስልም? ሊንድነርም ከውስጥ ሆኖ ነበር የሚቃወመው።

ጉዞ ላይ

ይመስላል፤ ልዩነቱ መራጩ ላይ ነው። የኤፍዲፒ መራጭ ግማሹ ለምን ገባህ፣ ግማሹ ለምን አፈረስክ የሚል ነበር። ታክሱ ላይ ግን የዲኤም የኤኤንሲም መራጭ ጭማሪ አይፈልግም፤ ዳቦ የሚገዛ ሁሉ ይከፍለዋልና። የራስህ ሰውና የአጋርህ ሰው አብረው የሚደግፉህን ጠብ መርጦ መጣላት ይቻላል። በየሳምንቱ ግን እንዲህ ያለ ጠብ አይገኝም።

ሰገነት

አየርላንድ ላይ በ2024 የሆነውን ለሚከታተሉ አንድ ነገር ልጨምር። ሦስት ፓርቲ አብሮ ገዝቶ አረንጓዴዎቹ ከ12 መቀመጫ ወደ 1 ወረዱ፣ ፊያና ፎል ከ38 ወደ 48 ወጣ፣ ፋይን ጌል 38 ያዘ። ሁለቱ ትልልቆች ከመቶ ዓመት በፊት በእርስ በርስ ጦርነት የተለያዩ ባላንጣዎች ናቸው፤ አብረው ከገዙ በኋላ አንዱን የመረጠ ሰው ሁለተኛ ምርጫውን ለሌላው መስጠት ለመደ። እዚያ የምርጫ ወረቀቱ በቅደም ተከተል ስለሚሞላ ይኼ መቀመጫ ይሆናል። ለአረንጓዴዎቹ ግን ያን ያህል የሚሰጥ አልነበረም፤ የገጠሩ ሰው የካርቦን ታክሱን የእነሱ ብቻ አድርጎ ነው ያየው።

ሊቀ ቁጥር፣ ድምፅ የሚዘዋወርባቸው አገሮች ውጤት ካለህ ለብቻው ክር ክፈትበት፣ እኔ እመጣለሁ።